የእርሾ ላብራቶሪ ልክፈት ወይ? ለቤት ጠማቂ ሕያው እርሾ መሸጥና የትንሽ አቅራቢ ፈተና

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በማይክሮባዮሎጂ ዲግሪ አለኝ፤ ለቤቴ ቢራና ጠጅ እጠምቃለሁ። ከቤታችን ጠጅ እርሾ ለይቼ አውጥቼ አስቀምጫለሁ። ጋራዤን ትንሽ ላብራቶሪ አድርጌ፣ የጠጁን ጨምሮ ሃያ ዓይነት ፈሳሽ እርሾ በኢንተርኔት ለቤት ጠማቂዎች ልሸጥ አስቤያለሁ። እርሾ ራሱን ስለሚያባዛ ወጪው ትንሽ ነው፤ አንዱ ፓኬት ደግሞ 12 ዶላር ይሸጣል። ታዲያ ትንንሾቹ አቅራቢዎች ለምንድነው የሚቸገሩት? 40,000 ዶላር ይበቃኛል?»

ምላሽ፦ «ራሱን ስለሚያባዛ ወጪው ትንሽ ነው» የሚለው ስሌት ነው ትንንሾቹን የሚጥላቸው። እናት እርሾው በእርግጥ ርካሽ ነው። የሚወደደው የተቆጠረ፣ ንጽሕናው የተረጋገጠና ገና ያልደከመ እርሾ በሰዓቱ ገዢው ፍሪጅ ውስጥ ማስገባቱ ነው። ደረቅ ሸቀጥ ገበያ እስኪመጣለት መጋዘን ይጠብቃል። ፈሳሽ እርሾ ከታሸገበት ሰዓት ጀምሮ ይሞታል። ያሰቡት ንግድ ሁሉ የሚቆመውና የሚወድቀው በዚህ ላይ ስለሆነ ከቁጥሩ እንጀምር።

አንድ ፓኬት ሲታሸግ 200 ቢሊዮን ሕያው ሴሎች ነበሩት እንበል። ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚቆይ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ እንኳ በወር 20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል የሚለው የተለመደ ግምት ነው። እንደ ዝርያውና እንደ አያያዙ ይለያያል፤ ለዕቅድ ግን ይበቃል። በወሩ 160፣ በሁለተኛው ወር 128፣ በሦስተኛው 102 ቢሊዮን ይቀራል። ገዢዎ 20 ሊትር ኤል (ሞቅ ባለ ቦታ የሚፈላ) ቢራ በ12 ዲግሪ ፕላቶ (የጭማቂው ስኳር መለኪያ ነው፤ በጥግግት 1.048 ገደማ) ቢጠምቅ፣ የተለመደው መጠን ለእያንዳንዱ ሚሊ ሊትርና ለእያንዳንዱ ዲግሪ ፕላቶ 0.75 ሚሊዮን ሴል ነው፤ ሲባዛ 180 ቢሊዮን ይሆናል። ስለዚህ ፓኬቱ ብቻውን በቂ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ገዢው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ጥንስስ መሥራት አለበት። ለላገር (በቅዝቃዜ ለሚፈላው ቢራ) የሚያስፈልገው እጥፍ ነው፤ እዚያ አዲስ ፓኬትም ብቻውን አይበቃም። ሱቁ መደርደሪያ ላይ ሁለት ወር የቆየ ፓኬት የገዛ ሰው ጥንስስ ሳይሠራ ጨምሮ ቢራው ሦስት ቀን ዝም ቢልበት የሚወቅሰው እርስዎን ነው።

አሁን ወደ ማርባቱ። አንድ መቶ ፓኬት ማለት 20 ትሪሊዮን ሴል ነው። ሳይቋረጥ እየተማሰለና የተጣራ አየር እየገባለት በብቅል ጭማቂ ውስጥ የሚያድግ እርሾ በሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ሴል ቢደርስ መልካም ውጤት ነው። ይህም 130 ሊትር ያህል ጭማቂ ይፈልጋል። መንገዱ ደረጃ በደረጃ ነው፦ ከአጋር (ከረጋው ማራቢያ) ላይ አንድ ኮሎኒ (ከአንድ ሴል የበዛ የእርሾ ነጥብ) ወደ 10 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ ወደ 100፣ ወደ 1 ሊትር፣ ወደ 12፣ ወደ 130። እያንዳንዱ ደረጃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል። ጭማቂው ከ10 ዲግሪ ፕላቶ ባይበልጥ ይሻላል፤ ሲወፍር አልኮሉ እርሾውን ያደክመዋል። የመጨረሻው ደረጃ ሲያልቅ በቅዝቃዜ ሁለትና ሦስት ቀን እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ ላዩ ይደፋል፤ ወፍራሙ ዝቃጭ ይቆጠራል።

ጋራዥ ውስጥ የሚሰናከለው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ትንንሾቹን ብልቃጦች በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት በሚያመክን ዕቃ) ወይም በትልቅ ፕሬዠር ኩከር በ121 ዲግሪ ማምከን ይቻላል። 15 ደቂቃ የሚባለው ፈሳሹ ራሱ 121 ከደረሰ በኋላ ስለሆነ ለአንድ ሊትር ብልቃጥ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። 130 ሊትር ግን ኩከር ውስጥ አይገባም። በድስት ይፈላል፣ በሙቅ ውሃ ወይም በእንፋሎት ወደተጠረገ ታንክ ይሻገራል። ማፍላት ደግሞ የባክቴሪያ ስፖርን (ሙቀት የሚቋቋመውን የተኛ ሴል) አይገድልም። ከታንኩ በላይ የቧንቧው መጋጠሚያና የቫልቩ ላስቲክ የባሱ ናቸው፤ ተፈትተው ካልታጠቡ የቀድሞው ዙር እርሾ እዚያው ይቀመጣል። ሃያ ዝርያ በአንድ ታንክ እያፈራረቁ የሚያረቡ ከሆነ የአንዱ ቅሪት ለሌላው ብክለት ነው።

ሴል ለመቁጠር ማይክሮስኮፕ፣ ሄሞሳይቶሜትር (ካሬ የተሰመረበት መቁጠሪያ መስታወት) እና ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ቀለም ይበቃሉ። የሞተው ሴል ሰማያዊ ይሆናል፣ ሕያው ቀለም ሳይዝ ይቀራል። ናሙናውን 400 ጊዜ አቅጥነው ከ25ቱ ካሬዎች በአምስቱ 100 ሕያው ሴል ቢያገኙ፣ 100 በ5፣ በ400፣ በ10,000 ሲባዛ በሚሊ ሊትር 2 ቢሊዮን ነው፤ ስለዚህ 100 ሚሊ ሊትር ለአንድ ፓኬት ይበቃል። ስህተት የሚፈጠረው ከዝቃጩ ሥር ወይም ከላዩ ብቻ ሲቀዳ ነው። መጀመሪያ በደንብ ይማሰል፤ ከሦስት ቦታ ይቀዳ።

የብክለት ምርመራው ከቆጠራው ይልቅ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ቀን ይበላል። ለወተት አሲድ ባክቴሪያ ኤችኤልፒ የሚባለው ማራቢያ በ30 ዲግሪ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይፈልጋል (ላክቶባሲለስ በቱቦው ውስጥ ጅራታም ኮከብ መስሎ ይታያል፣ ፔዲዮኮከስ ድቡልቡል ነው)። ለዱር እርሾ መዳብ ያለበት የሊን ማራቢያ ከአራት እስከ ስድስት ቀን። ውጤቱ እስኪመጣ ከጠበቁ ከሁለቱ ጥሩ ሳምንታት አንዱ ሄደ። ሳይጠብቁ ከላኩ ደግሞ ብክለቱ የሚታወቀው ቢራው ጠርሙስ ከገባ በኋላ ነው። ትልልቆቹ ይህን ክፍተት በፒሲአር (ዲኤንኤ አባዝቶ በሚለይ ፈጣን ምርመራ) ያጠባሉ። ትንሹ አቅራቢ ግን ከሁለት አንዱን አደጋ ይመርጣል።

በጣም የሚያስፈራው ባክቴሪያ እንኳ አይደለም፤ ዲያስታቲከስ የሚባለው የእርሾ ዓይነት ነው። ኤስቲኤ1 የሚባል ጂን ስላለው ሌላው እርሾ የማይነካውን ዴክስትሪን (ረጅም የስኳር ሰንሰለት) እየሰበረ መብላቱን ይቀጥላል፤ ቢራው ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ጋዙ ይጨምራል፣ ጠርሙስ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኮሎራዶ የሚገኝ አንድ ቢራ ጠማቂ ኩባንያ የገዛሁት እርሾ በዚህ ተበክሎ ነበር ብሎ ታዋቂ አቅራቢን ፍርድ ቤት አቁሟል። በማይክሮስኮፕ ከተራው የቢራ እርሾ አይለይም። ሴዞን ለሚባለው የቤልጂየም ቢራ የሚሆኑ አንዳንድ ዝርያዎች በተፈጥሯቸው ይህ ጂን አላቸው፤ ሃያ ባሉት ዝርዝር ውስጥ አንድ ሴዞን ካለ አደጋውን ራስዎ ቤትዎ አስገብተዋል ማለት ነው።

እናት እርሾውን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ይበቃል። ካለፈው ዙር እየቆረሱ ለሚቀጥለው አያርቡ፤ ባሕርዩ ቀስ በቀስ ይለወጣል፣ መተንፈስ የማይችሉ ደካማ ሴሎች ይበዛሉ። ሁልጊዜ በ20 በመቶ ገደማ ግሊሰሮል፣ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወደተቀመጠው ይመለሱ። በረዶውን ራሱ የሚያቀልጥ የቤት ፍሪዘር ሙቀቱን ስለሚያወጣና ስለሚያወርድ ለዚህ አይሆንም። ቅጂ ደግሞ ሌላ ቤት፣ ሌላ መብራት ላይ ይኑርዎ።

ሁለተኛው የተሳሳተ ግምት «ደረቅ እርሾ የጀማሪ ነው» የሚለው ነው፤ በጥያቄዎ ባይጻፍም ዕቅዱ በእርሱ ላይ ቆሟል። ድሮ እውነትነት ነበረው። አሜሪካ ውስጥ ቢራ ቤት መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣ ሕግ ነው፤ በዚያን ዘመን የሚገኘው ደረቅ እርሾ ጥቂትና ጥራቱም ደካማ ነበር። ፈሳሹን ገበያ የከፈቱት በ1986 ኦሪገን ውስጥ የተቋቋመው ዋይስት፣ ቀጥሎም በ1995 ሳንዲያጎ የተመሠረተው ኋይት ላብስ ናቸው። ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የቺካጎው ኦሜጋና የፖርትላንዱ ኢምፔሪያል ጨመሩ፤ ኢምፔሪያል 200 ቢሊዮን ሴል በአንድ ፓኬት ማስገባቱን መለያው አደረገ። ዛሬ ግን ላለማንድና የለሳፍር ኩባንያ የሆነው ፈርመንቲስ የሚያደርቁት እርሾ ንጹሕ ነው። ቤት ሙቀት ላይ ጉዞውን ይችላል፤ ፍሪጅ ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ ጥንስስም አይፈልግም። ለደመናማው አይፒኤ (ሆፕ ለበዛበት ቢራ) የሚሆነውና ክቬይክ የሚባለው የኖርዌይ ባህላዊ እርሾ በፈሳሽ ብቻ ይገኝ የነበረበት ጊዜ አልፏል፤ ሁለቱም በደረቅ መጡ። ማድረቁ በትልልቅ ታንክ፣ ብዙ አየር ባለበት እርባታና በልዩ ማድረቂያ ማሽን የሚሠራ ስለሆነ በትንሽ መጠን አያዋጣም። እርስዎ ወደዚያ መሻገር አይችሉም፤ እነርሱ ግን ወደ እርስዎ ገበያ ተሻግረዋል።

ከሃያ ዝርያ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ንጹሕ ጣዕም ያለው የአሜሪካ ኤል እርሾ ነው። እርሱ ደግሞ ሁሉም ሻጭ ያለው፣ በደረቅ ፓኬትም የሚገኝ ነው። ብርቅ የሆኑት የእርስዎ ብቻ ይሆናሉ፣ ግን በወር ሦስትና አራት ገዢ ነው ያላቸው። አንዱን ብርቅ ዝርያ ለአራት ሰው ለማርባት የሚፈጀው ድካም ለመቶ ሰው ከሚፈጀው ብዙም አያንስም። ዝርዝር ማብዛት ገዢን ይስባል፤ የሚያከስረውም እርሱ ነው።

ገዢውን ራሱን ደግሞ ይመልከቱት። ቤት ጠማቂ ቆጣቢ ነው። ከአንድ ፓኬት ጥንስስ ሠርቶ ግማሹን ለሚቀጥለው ያስቀምጣል፤ ከማፍያው ሥር ያለውን ዝቃጭ በማሰሮ ይዞ አምስት ጊዜ ይጠምቅበታል፤ ለጓደኛውም ያካፍላል። ክቬይክማ ብራና ወረቀት ላይ ደርቆ በፖስታ ይላካል። ፓተንት በሌለው እርሾ ላይ ይህን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ስምዎን በንግድ ምልክት ማስጠበቅ ይችላሉ እንጂ እንዲህ ያለ የተሸጠ ሕያው እርሾ ሌላው እንዳያረባው ማድረግ አይቻልም። እኛ ዘንድ ደግሞ ይብሳል፦ አገር ቤት ጠላ የምትጠምቅ ሴት እርሾ ገዝታ አታውቅም፤ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ነው የሚመጣላት። ጠጅ ለሚጥል ሐበሻ «እርሾ በ12 ዶላር» ማለት ገና ከባዶ የሚጀመር ትምህርት ነው። የለመደውም ካለ 5 ግራም የደረቀ የወይን እርሾ በጥቂት ዶላር ይገዛል።

ማጓጓዣው አጭር ወሬ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ብቻ ይላካል፣ ዓርብ የወጣ ሳጥን ቅዳሜና እሑድ ሞቃት መጋዘን ውስጥ ያድራልና። በረዶ፣ የተሸፈነ ሳጥንና የሁለት ቀን ማድረሻ ተደምረው የእርሾውን ዋጋ ያህላሉ፣ አንዳንዴም ይበልጣሉ። ሐምሌ ላይ ወደ አሪዞና የተላከ ፓኬት አብጦ ይደርሳል። ማበጡ ብቻ እርሾው ሞተ ማለት አይደለም፤ ገዢው ግን ገንዘቡን ይጠይቃል፣ እርስዎም ይመልሳሉ።

እንግዲህ ሒሳቡ፣ ለምሳሌ ያህል። ሱቅ በ12 ዶላር ከሸጠውና ሲሶውን ከያዘ ለእርስዎ 8 ይቀራል። ከመቶው ፓኬት ሠላሳው ቀኑ ቢያልፍበት 70 ተሽጦ 560 ዶላር ይገባል። የአንድ ዙር ሥራ ከማምከን እስከ ማሸግ ቢያንስ 15 ሰዓት ነው፤ በሜሪላንድ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 15 ዶላር ሲታሰብ 225። ለ130 ሊትር የሚሆን 14 ኪሎ ገደማ የብቅል ኤክስትራክት 100 ይሁን፤ ከረጢት፣ መለያና ሳጥን 100፤ ማራቢያና ፔትሪ (የማራቢያ ሳህን) 50። የተረፈው 85 ዶላር ነው፣ ያውም ከመብራት፣ ከኢንሹራንስና ከመሣሪያ እርጅና በፊት። 40,000 ዶላሩ እንዲመለስ 470 ዙር ያስፈልጋል። ገንዘቡ መሣሪያ ለመግዛት ይበቃል፤ መደርደሪያ ላይ የሚሞተውን ለመሸፈን አይበቃም።

የጠጁ እርሾ የተለየ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ዘገም እንበል። በመጀመሪያ፣ የለዩት እርሾ የጠጅ እርሾ መሆኑን በምን አወቁ? ያ ገንቦ ወይም ጋሎን አንድ ጊዜ እንኳ የወይን እርሾ ገብቶበት ከሆነ ያወጡት ያንኑ ሊሆን ይችላል። ኢሲ-1118 የሚባለው በብዛት የሚሸጠው ዝርያ ሌሎችን የሚገድል መርዝ ስለሚያመነጭ ዕቃውን ይወርሳል። አይቲኤስ የሚባለው የዲኤንኤ ምርመራ ዓይነቱን እንጂ ዝርያውን አይነግርዎትም፤ «ሳካሮማይሰስ ሰርቪሲዬ» ብሎ ይመልሳል፣ የወይኑም የዳቦውም የቢራውም ያው ነው። ኢንተርዴልታ የሚባለውን የፒሲአር አሻራ አሠርተው ከገበያው የወይን እርሾዎች ጋር ያስተያዩ። ይህ ሳይደረግ «የኢትዮጵያ ጠጅ እርሾ» ብሎ መለያ ማተም የሌላውን ሸቀጥ በራስ ስም መሸጥ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የተለየ እርሾ ብቻውን የቤትዎን ጠጅ ጣዕም አይሰጥም። የጠጅ ጣዕም ከማሩ፣ ከጌሾው፣ ከጋኑ ጢስና ከብዙ ዓይነት እርሾና የወተት አሲድ ባክቴሪያ ቅልቅል ነው። ቅልቅሉን አንድ ላይ ልሸጥ ካሉ በማከማቻ ላይ ሚዛኑ ይለወጣል፤ ባክቴሪያውም የቢራ እርሾ በሚረባበት ክፍል ውስጥ መግባት የለበትም። ሌላው የሚረሳው ማር በናይትሮጅን ድሃ መሆኑ ነው። ገዢው የእርሾ ምግብ ካልጨመረ ጠጁ ይዘገያል፣ የተበላሸ ዕንቁላል ይሸታል፣ ወቀሳውም አሁንም ወደ እርስዎ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ እርሾው ወይም ጌሾው የመጣው ከኢትዮጵያ ከሆነ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 (እ.ኤ.አ. 2006) አለ። ለንግድ መጠቀም ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድና የጥቅም ተጋሪነት ስምምነት ይጠይቃል። አሜሪካ የዓለም አቀፉ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት አባል ባትሆንም የኢትዮጵያ ሕግ በእርስዎ ላይ ላለመሥራቱ ዋስትና የለም፤ የመልካም ስም ጉዳይም አለ። በጤፍ ላይ አንድ የሆላንድ ኩባንያ ፓተንት ይዞ የተነሣውን ክርክር ሁሉም ያስታውሳል፤ የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ውድቅ እስኪያደርግ ዓመታት ወስዷል። አስቀድሞ መጻፍና መጠየቅ ይሻላል። በሻንጣ ናሙና ይዞ ከመምጣትም በፊት የአሜሪካን የማስገቢያ ፈቃድ ያጣሩ።

እርሾ ለመሸጥ የአልኮል ፈቃድ አይጠየቅም፤ ምግብ ነውና የምግብ ደንቡ ግን ይመለከትዎታል። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ምግብ ስቴቶች የሚሰጡት ቀላል ፈቃድ በአብዛኛው ዳቦና ማርማላታን የመሰለ ማቀዝቀዣ የማይፈልግ ነገር ላይ ያተኩራል። ከካውንቲው የጤና ቢሮ በጽሑፍ መልስ ሳይዙ ጋራዡን አይንኩ። ለቅምሻ ብለው ከእርሾው ጋር ጠጅ መሸጥ ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም፤ በዓመት ለአንድ አዋቂ 100፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት 200 ጋሎን የተፈቀደው ለራስ እንጂ ለሽያጭ አይደለም።

ምክሬ ይህ ነው፦ ላብራቶሪውን አሁን አይክፈቱ፤ የሃያውን ዝርዝር ደግሞ መቼም አይክፈቱ። ከገንዘቡ ጥቂቱን አውጥተው የጠጁን እርሾ ማንነት ያጣሩ። የራሱ የሆነ ዝርያ ሆኖ ከተገኘና የኢትዮጵያው ፈቃድ ከተያዘ፣ የደንበኛን ዝርያ በአደራ አስቀምጠው በውል የሚያረቡ ላብራቶሪዎች ስላሉ በእነርሱ ያስረቡት። የአንዱ ፓኬት ትርፍ ያንሳል፣ ግን የብክለት ምርመራውና ታንኩ የእነርሱ ነው። የሚታዘዘውም አስቀድሞ ገንዘብ ከከፈለ ሰው ልክ ይሁን። ሙሉው ዙር ካልተከፈለበት አይታዘዝ።

ራሴ ካላረባሁ ካሉ ገዢዎን ይቀይሩ። በአንድ ሰዓት መንዳት ውስጥ ያለ 10 በርሜል (1,170 ሊትር ገደማ) የሚጠምቅ ትንሽ ቢራ ቤት ለአንድ ጥምቅ 10.5 ትሪሊዮን ሴል ይፈልጋል። ይህ የ50 ፓኬት ያህል ነው፤ በአንድ ዕቃ፣ ከ5 ሊትር በጥቂቱ በሚበልጥ ዝቃጭ፣ በራስዎ መኪና፣ በተረባበት ሳምንት ይደርሳል። ከዚያው ዙር የተረፈውን 20 ፓኬት ለአካባቢው ቤት ጠማቂዎች ይሽጡ። ገደቡም ይታወቅ፦ ቢራ ቤት እርሾውን ደጋግሞ ስለሚጠቀም በየሳምንቱ አይገዛም። ስለዚህ አንድ ደንበኛ አይበቃም፤ አራትና አምስት ያስፈልጋሉ።

ለጠጅ ጣዩ ሐበሻ ደግሞ ፈሳሽ ፓኬት አይዘጋጅ። ጌሾ፣ የእርሾ ምግብ፣ ከፋብሪካው እንደታሸገ ያለ 5 ግራም ደረቅ የወይን እርሾና በአማርኛ የተጻፈ አሠራር በአንድ ሳጥን ያድርጉለት። ትልቁን ግማሽ ኪሎ እርሾ ከፍተው በትንንሹ አያሽጉ፤ አንዴ አየርና እርጥበት ካገኘ ቶሎ ይደክማል። ይህ ሳጥን ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለ ፍሪጅ ወራት ይቆያል።

ስድስት ወር ይሞክሩት። በስድስቱ ወር ውስጥ ሦስት ቢራ ቤቶች ደግመው ካዘዙና ከታሸገው ፈሳሽ ፓኬት ከአሥሩ ዘጠኙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከወጣ፣ ያኔ የታንክ ዋጋ ይጠይቁ። ካልሆነ ሳጥኑን ይቀጥሉ፣ ጋራዡም ለመኪናው ይሁን።